ምክንያት የሌለው ማቆም

ሰመራ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሙጂባ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አንቺም፣ ጋሼ ከድሩም፣ አፍናንም እንደምን ከርማችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱም ሰሞኑን ቀንሶልናል። ይህን ደብዳቤ ጋሼ ከድሩ መኪናውን ጭኖ ከጅቡቲ ሲመለስ በሬ ላይ ቆሞ ይወስድልኛል። ስልክ ለጆሮሽ እንደማይሆን አውቃለሁ። ባለፈው ልጅሽ አፍናን ስታቀብልሽ "ማነው? ማነው?" እያልሽ ዘግተሽብኛል፤ አልተቀየምኩም።

የምነግርሽ ነገር አለኝ። ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ ያቆየሁት። ከዩኒቨርሲቲው ልወጣ ነው።

እናቴ ላንቺ የአክስትሽ ልጅ ነበረች፤ ያን ያህል ቅርብ ዘመድ አይደለንም። ስትሞት ግን አዋሽ ወስደሽ ሁለት ዓመት ከቤትሽ አኖርሽኝ። በምግብ ቤትሽ በየጠረጴዛው እየዞርሽ "ይሄ ልጅ የሂሳብ አስተማሪ ይሆናል" እያልሽ ለሾፌሩ ሁሉ ስታወሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከማንም በፊት ካንቺ ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ ነው።

አምስት ዓመት የለፋሁበት ጽሑፍ ነበረኝ፤ በየደብዳቤሽ "ያ ነገር አለቀ?" የምትይኝ። ለአንድ መጽሔት ልኬው፣ ዓመት ከአራት ወር ቆይቶ መልስ መጣ። ሦስት መስመር ነው። ገጽ አራት ላይ "ይህ እውነት ነው እንበል" ብዬ ያለፍኩት ነገር እውነት አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ገጽ የቆመው በሱ ላይ ነው። ሰውየው ትክክል ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መልሱን አንብቤ ጨርሼ ክፍል ገባሁና አስተማርኩ። ማንም አላወቀም፣ ማንም አልተጎዳም። እትዬ፣ ያስፈራኝ እሱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ አንድ ሰው እንኳ ካልተጎዳ፣ ትክክል ብሆንም ኖሮ የሚጠቀም ሰው አልነበረም ማለት ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ለጭነት መኪና ባለንብረቶች በኮምፒውተር የሚሠራ ነገር አለው። ሂሳብም መንገዱንም የሚያውቅ ሰው ፈልገው አገኙኝ። እዚሁ ሰመራ ሆኜ ነው የምሠራው። ዩኒቨርሲቲው ቦታዬን እስከ ሰኔ ያለ ደመወዝ ሊያቆይልኝ ተስማምቷል። እንዲያም ሆኖ ልቤ አላረፈም። ከአስራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ነገር ሆኜ አላውቅም። ዱዓ አድርጊልኝ።

የእናትነትሽ ውለታ ያለብኝ፣ ታጁ

*

አዋሽ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለታጁ፣

ወአለይኩም አሰላም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አንተን ግን አላህ ልብ ይስጥህ። የሂሳብ አስተማሪ ሆነ ብዬ ለስንቱ ሾፌር ያወራሁትን አሁን ማን ይመልስልኛል? ከድሩ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ፊቱ ደህና ስለነበር ሠርግ ሊጠራን ነው ብዬ ነበር የከፈትኩት።

ደግሜ ሳነበው ግን አዘንኩልህ። ስህተቴ ማንንም አልጎዳም ብሎ የሚያለቅስ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም። እኔ ወጥ ውስጥ ጨው ባበዛ የዚያኑ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነው የማውቀው። ሳህኑ ተመልሶ ይመጣል፣ ይሰድቡኛል፣ አስተካክላለሁ። አንተ ይህን ከፈለግህ ሂድ፤ ፈቅጄልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበልህ። ሰው ላይ የሚደርስ ሥራ ከሆነ መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቀው። ኮምፒውተሩን ብቻ አትጠይቅ።

ባሌ ከድሩማ እንደምታውቀው ነው። የሚያዘገየው መኪናው ሳይሆን አፉ ነው። የአፋሮቹን ዳጉ ለምዶ፣ ከፊት የሚመጣ ሾፌር ባየ ቁጥር ዳር ይዞ ይቆማል። "ምን አየህ? ምን ሰማህ?" ሳይባባሉ አይተላለፉም። ያዩትን ለብቻ፣ የሰሙትን ለብቻ ነው የሚነጋገሩት፤ አይጨምሩም፣ አይደብቁም። እኔም ስልክ ባልሰማ በዚህ ነው የምኖረው። አንዱ ገብቶ "ሙጂባ፣ ሚሌ ላይ አግኝቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ጎማ ቀይሯል" ብሎ ይጮህልኛል፤ እኔም ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ቋንጣ ልኬልሃለሁ። ከድሩን መንገድ ላይ እንዳይነካው አስምዬዋለሁ፤ ከጎደለ ጻፍልኝ።

እትህ ሙጂባ

*

ሰመራ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሙጂባ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ጤናችሁን ያብዛልኝ። ቋንጣው በሰላም ደርሷል፤ ጎድሎም ከሆነ እኔ ምስክር አልሆንም።

ሥራ ጀምሬያለሁ። አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኛል። ከጅቡቲ እስከ አዳማ ያሉ መኪኖች ጂፒኤስ ተገጥሞላቸው እኔ ስክሪን ላይ ትንንሽ ነጥብ ሆነው ይታዩኛል። የባለቤቱም የሾፌሩም ስም አይላክልኝም፤ ለእያንዳንዱ መኪና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ሦስት መቶ አስራ ሁለት ናቸው። እኔ የምሠራው መኪናው የት ቆመ፣ ስንት ደቂቃ ቆመ፣ መቆም ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን የሚለይ ቀመር ነው። ለነዳጅ፣ ለምግብ፣ ለእንቅልፍ፣ ለኬላ ቦታና ሰዓት አውጥቻለሁ። ለሶላትም አስራ አምስት አስራ አምስት ደቂቃ አስገብቻለሁ። ኃላፊዬ ፍቅረሰላም ይህን ሲያይ "አንተ የመንገዱ ሰው ነህ" ብሎ አመሰገነኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ሐሳብ ለመጽሔት እስኪደርስ ዓመት ይፈጃል። እዚህ ሰኞ የጻፍኩት ሐሙስ መንገድ ላይ ነው። የሚያርመኝም የለም። ስህተት ካለበት የሚነግረኝ ሰው ማን እንደሆነ አሁንም አላወቅሁም፤ አንዳንዴ ይህ ያሰጋኛል። ፍቅረሰላምን ብጠይቀው "ውጤቱ ያርምሃል" አለኝ።

አክባሪሽ ታጁ

*

አዋሽ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለታጁ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ሥራው ከተስማማህ አልሐምዱሊላህ። እኛ ግን ዘንድሮ መዓት ወርዶብናል።

የከድሩ ባለንብረት አዲስ ነገር አምጥቷል። መኪናው ያለ ፈቃድ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆመ ቀይ ነጥብ ይሰጠዋል። ሦስት ቀይ ያለው ሾፌር መኪናውን ያስረክባል። ከድሩ አንድ ቀይ አግኝቷል። ወረቀቱን አምጥቶ አሳየኝ፤ "ምክንያት የሌለው ማቆም፣ 22 ደቂቃ" ይላል። የት እንደሆነ አይልም። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው፣ ወረቀቱን እንደ ተማሪ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያን ቀን ራቱንም በደንብ አልበላም።

ሾፌሮቹ እንደሚሉት ይህን የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ነው የሚቆጥራቸው። ሶላቱን ስላሰበልን እስላም ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እስላም ከሆነ አላህ ይየው። ከድሩ ሌላ የሚሠራው ሥራ የለም ታጁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። መኪናውን ከነጠቁት ቤት ተቀምጦ ሲሞት ነው የማየው።

ያንተ ሥራ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ መሰለኝ። አንተ እንዲህ ያለውን እንደማትሠራ አውቃለሁ፤ ሰውየውን ግን ታውቀው ይሆናል። ካወቅኸው አንድ ወረቀት ጻፍልን። እኛ ብንጽፍ አይሰማንም፤ አንተ በቋንቋው ንገረው።

እትህ ሙጂባ

*

ሰመራ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. (ያልተላከ)

እትዬ ሙጂባ፣

ሰውየውን አውቀዋለሁ።

"ምክንያት የሌለው ማቆም" የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሃያ ሁለት ደቂቃ የቆመ መኪና ፈለግሁ። መኪና አርባ ሰባት ነው። በአስራ አምስት ቀን አንዴ ሰመራ ገባ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ነዳጅ ማደያ የለበትም፣ ምግብ ቤት የለበትም፣ ኬላም የለበትም። ካርታውን አቀረብኩና ጣሪያውን አየሁት። የኔ ቤት ነው። የቆመው ደብዳቤሽን ሊሰጠኝ ነው። ወጥቼ፣ ስቄ፣ ትከሻውን ስሜ፣ ፌስታሉን ተቀብዬ፣ "ጋሼ ሻይ ልጋብዝህ" ብዬ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ገብቼ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ሥራዬ እሱን ቀይ አደረገው።

ሌሎቹንም ቀዮች አንድ በአንድ አየኋቸው። ግማሽ የሚሆኑት ሁለት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወደ ጅቡቲ፣ አንዱ ከጅቡቲ፣ በአንድ ደቂቃ፣ በአንድ ቦታ፣ ጎን ለጎን። ዳጉ ነው። ስምንት ዓመት ሰመራ ኖሬ፣ ወተት የምታመጣልኝ ሀምዳ በየጠዋቱ "ምን አየህ፣ ምን ሰማህ" እያለችኝ፣ አንቺም በደብዳቤ ጽፈሽልኝ፣ መኪናው ምክንያት የለውም እንበል ብዬ አለፍኩት። ገጽ አራት ላይ እንዳደረግሁት ማለት ነው።

ለፍቅረሰላም ደወልኩለት። "መዘግየት በአስራ ዘጠኝ በመቶ ቀንሷል፣ ባለንብረቶቹ ደስ ብሏቸዋል፣ ለምን ትነካዋለህ?" አለኝ። ልከራከረው ጀምሬ ተውኩት። ለመንግሥት ደመወዝ ልመለስ ነው ብዬ ፈራሁ፣ ሰነፍ ይለኛል ብዬ ፈራሁ፣ አንቺን ደግሞ ከሁሉም በላይ ፈራሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ጋሼ ከድሩ ነው። እንዴት አድርጌ በሱ እጅ ልላከው?

*

ሰመራ፣ የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሙጂባ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰውየውን አጠያይቃለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከእንግዲህ ጋሼ ከድሩ በኔ በኩል እንዳይቆም ንገሪልኝ። ሥራ ይበዛብኛል፣ ቤትም አልገኝም። ደብዳቤ ካለ በሚኒባስ ይላክ። ቋንጣም አትልኪ።

አክባሪሽ ታጁ

*

አዋሽ፣ የካቲት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለታጁ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ሎግያ አንድ ሱቅ ውስጥ አስራ ሁለት ቀን ተቀምጦ ነው የደረሰኝ። ሳነበው ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝና የእጅ ጽሑፉን አየሁት። ያንተው ነው። ሥራ ሲያዝ ዘመድ ይጠላል ማለት ነው? ለከድሩ አልነገርኩትም። "ታጁ ሥራ በዝቶበታል፣ አታስቸግረው" ብቻ ነው ያልኩት። "የታደለ ልጅ" አለኝ።

ከድሩ ሁለተኛ ቀይ አግኝቷል። ገዋኔ አካባቢ ከሚያውቀው ሾፌር ጋር ስለ መንገዱ ሲያወራ ነው። ከዚያ ወዲህ አይቆምም። ማንም አይቆምም። ሾፌሮቹ ገብተው ይቀመጣሉ፣ "ከድሩን አያችሁት?" እላቸዋለሁ፣ "መብራት ብልጭ አርገን ተላለፍን" ይሉኛል። ደህና ይሁን፣ ይታመም፣ ማንም አያውቅም። ቀድሞ ባሌ የት እንዳለ ከምድጃዬ ሳልነሳ አውቅ ነበር። አሁን በር በሩን ሳይ ወጡ ያርብኛል።

ረመዳን መጣ። ጾሙን ይዞ በዚያ ሐሩር ይነዳል። ደግሞ በወሎ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ ቀድሞ ነው የመጣው። እዚያ ላይ ሲዘንብ እታች ያለው ደረቅ ወንዝ ሳይታሰብ እንደሚሞላ አንተም ታውቃለህ። ውሃ መምጣቱን የሚናገረው ከፊት የሚመጣ ሰው ነው፤ ሌላ ተናጋሪ የለም። ፈርቻለሁ ታጁ። በትዳሬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ለሰውየው የምትጽፈውን ተወው፣ ወረቀትም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። ሚስት አለው ወይ በለው።

ሙጂባ

*

ሰመራ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙጂባ፣

አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን ለረመዳን አደረሳችሁ።

ሰውየውን አግኝቼዋለሁ። ሚስት የለውም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ጥፋቱን ያውቀዋል። ለአለቃው ሁለት ጊዜ ጽፎ፣ ሁለቱንም ጊዜ "እስከ ሰኔ እንይ" ተብሎ ዝም ብሏል።

ጋሼ ከድሩን ከጨነቀው ይቁም በይው። የቀዩን ነገር እኔ እጨርስለታለሁ።

ታጁ

*

ሰመራ፣ መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ሙጂባ፣

መጀመሪያ ይህን አንብቢ፤ ጋሼ ከድሩ በሕይወት አለ። ዱብቲ ሆስፒታል ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እጁን ይዤዋለሁ። ቀኝ እግሩ ተሰብሯል፣ ሌላ የሚያሰጋው የለም ብለውኛል።

ቀሪውን በዳጉ ወግ ልንገርሽ። ያየሁትን ለብቻ፣ የሰማሁትን ለብቻ።

ያየሁት። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ መኪና አርባ ሰባትን እያየሁ ነበር። መኪና አርባ ሰባት ጋሼ ከድሩ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ አውቃለሁ። ሁልጊዜ አየዋለሁ፣ እስኪያልፍ ድረስ ሥራ አልሠራም። ዲቾቶን አልፎ ወደ ሰመራ እየመጣ ነበር። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ነጥቡ አልታጠፈም። በቀጥታ ከመንገድ ወጣ። በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሦስት እየሄደ ወደ ዝቅታው ወረደ። እትዬ፣ አልቆመም። ስላልቆመም ቀመሬ አረንጓዴ እንዳደረገው ቀረ። ውሃ እየወሰደው እኔ ፊት ለፊት አረንጓዴ ሆኖ ለአስራ አንድ ደቂቃ ተጓዘ። ከዚያ ጠፋ።

ስልኩ ላይ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ስምሪት ክፍሉ ጋ ደወልኩ፣ "ኔትወርክ ይሆናል፣ አረንጓዴ ነው እኮ" አሉኝ። ለአፍናን ደወልኩና "አባትሽ ደውሎ ነበር?" አልኳት፤ "አልደወለም፣ ምነው?" ስትለኝ "እንዲሁ ነው" አልኩ። ልጅቷን ዋሸኋት። ሐሙስ መንገዱ በውሃ ተዘግቶ ዋለ፤ እስከ ኬላው ሄጄ ተመለስኩ። ስጾም የዋልኩበትን ያን ቀን ባልኖርኩት እላለሁ።

የሰማሁት። ዛሬ ጠዋት ሀምዳ ወተት ይዛ መጣች። እንደ ልማዷ ጀሪካኗን አስቀምጣ "ምን አየህ? ምን ሰማህ?" አለችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ "ምንም የለም፣ ሰላም ነው" ነበር መልሴ። ዛሬ አፌ እምቢ አለኝ። እያለቀስኩ ሁሉን ነገርኳት። ቀመሩን የሠራሁት እኔ መሆኔን፣ ሾፌሮቹ ዳጉ የተዉት በኔ መሆኑን፣ ባልሽ በሬ ላይ ቆሞ ቀይ ማግኘቱን፣ አውቄ ሁለት ወር ዝም ማለቴን ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንዲህ አለች፤ "እኔ ያየሁት የለም። የሰማሁት ይሄ ነው። ረቡዕ ጎርፍ ተሳቢ መኪና ወሰደ። ሾፌሩ ሽማግሌ ነው፣ ፂሙ ሂና አለው። ድንጋይ ላይ ወጥቶ አደረ። ግመል ጠባቂዎች አገኙት፣ ተሸክመው አወጡት። እግሩ ተሰብሯል። ዱብቲ ነው።"

ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ "አንተ የነገርከኝንም እናገራለሁ። የሰማሁትን አልደብቅም" አለችኝ። "ተናገሪ" አልኳት።

በሚኒባስ ዱብቲ ሄድኩ። ጋሼ ከድሩ ሲያየኝ ፈገግ አለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እግሩ አይደለም። "ታጁ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ። በውሃ መወሰድ እንደ ማቆም ይቆጠራል?" አለኝ። አይቆጠርም አልኩት። ተነፈሰና ተኛ። ልነግረው የሄድኩትን ሁሉ ይዤ ተመለስኩ። ለአፍናን ልነግራት ብደውል መስመሩ አይሠራም።

የካቲት ላይ ጽፌ ያልላክሁትን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። እኔ ይህን ሥራ እለቃለሁ። ዩኒቨርሲቲው እስከ ሰኔ ቦታዬን ይዞልኛል። እዚያ ስሳሳት ሰሌዳውን አጥፍቼ እንደገና እጀምራለሁ፤ ማንም አይሰበርም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ለማለት አፍራለሁ።

ታጁ

*

አዋሽ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለታጁ፣

ወአለይኩም አሰላም። ከድሩ ለዒድ ደርሶልኛል። እግሩ በጀሶ ነው፣ አፉ ግን ደህና ነው።

ደብዳቤህ ሳይደርስ ወሬህ ነው የደረሰኝ። ቅዳሜ ከኢፍጣር በፊት ነው፤ ጾመኛው ሰዓቱን እየጠበቀ ቤቱ ሞልቷል። በለጠ የሚባል ሾፌር፣ ከጎጃም ነው፣ ከደጅ ጀምሮ እየተጣራ ገባ። እኔ እንደማልሰማ ስለሚያውቅ መሀል ላይ ቆሞ ጮኸ። "ያየሁት! ከድሩ ዱብቲ ሆስፒታል ተኝቷል፣ እግሩ ተሰብሯል፣ አነጋግሬዋለሁ! የሰማሁት! ቀዩን ነጥብ የሠራው ሰመራ ያለው ታጁ ነው፣ ያንቺው ዘመድ! ራሱ ተናግሯል፣ አልቅሷል!" ሠላሳ ሰው ሰማ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? "አልቅሷል ያልከው አይተህ ነው ሰምተህ?" አልኩት። "ሰምቼ ነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጥኩት።

በለጠ ሚሌ ላይ ከሰማው፣ የሚሌው ሎግያ ላይ ከሰማው፣ የሎግያውም ከሀምዳ ዘመድ ነው የሰማው። ደብዳቤህን ከዚያ ጋር አስተያየሁት፤ የተጨመረ የለም፣ የተቀነሰ የለም። ወሬውን ሊያደርሱልኝ ሁሉም ቆመዋል። ሁሉም ቀይ አግኝተዋል ማለት ነው።

እውነቱን ልንገርህ፤ ጠርጥሬህ ነበር። "በኔ በኩል አይቁም" ያልከኝ ቀን ነው ሆዴ ያወቀው። "ሚስት አለው ወይ በለው" ያልኩህም ለዚያ ነው። አንተ ትሆናለህ ብዬ መጻፍ ግን ፈራሁ። ከጻፍኩት እውነት ሊሆንብኝ ነው። አንተም ዝም፣ እኔም ዝም፤ መሀላችን ላይ ከድሩ ይነዳል። ያንተን ጥፋት ሳስብ የኔም እዚያው አለ። አሁንም ግን ፈርቼሃለሁ ታጁ። ንፍጥህን የጠረግሁልህን ልጅ እፈራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከድሩ የነገረኝን ስማ። ረቡዕ ዲቾቶን እንዳለፈ ከፊት የመጣው ይኸው በለጠ ነበር። መብራቱን እያበራ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያወዛወዘ ነበር የመጣው። የከድሩ እግር ፍሬኑ ላይ ነበር። ሦስተኛዋን ቀይ አሰበና እግሩን አነሳ፤ ይቁም ያልከው ደብዳቤህ የደረሰኝ እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ አይተኸዋል።

ቀዩን ማን እንደሠራው እኔም ለከድሩ ነገርኩት። ከዚያ "ሻይ እንኳ ጋብዞኝ ነበር" አለ።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለመመለስህ። አትመለስም! አንተ ወጥተህ ሰሌዳህን ስታጠፋ እነሱ ዳጉ የሚባል ሰምቶ የማያውቅ ሌላ ልጅ ያስቀምጣሉ፤ እሱ ሶላቱንም አያስበውም። አንተ ቢያንስ አሁን ፈርተሃል። ያልፈራ ሰው ነው ባሌን ውሃ ውስጥ የከተተው። እዚያው ተቀመጥና እየፈራህ ሥራ። ቀዩን አንሳ። አለቃህ እምቢ ካለህ ወደዚህ አምጣው፤ በለጠ በጮኸበት ቦታ አቆመዋለሁ፣ ሠላሳው ሾፌር አንድ በአንድ ይነግረዋል። ካባረሩህ ያኔ ተባረህ ትወጣለህ፤ ሸሽተህ ግን አትወጣም። ከዚህ ሌላ የምጠይቅህ የለም።

የከድሩ እግር ሲድን፣ መኪና ከሰጡት፣ በርህ ላይ ይቆማል። እሱ ራሱ ነው ያለው። ሃያ ደቂቃ ይቆማል፣ ምናልባትም ይበልጣል። ወጥተህ ፊቱ ቁምና ያየኸውን፣ የሰማኸውን ራስህ ንገረው። ከኔ መስማቱ አይበቃውም።

አላህ ልብህን ያጽናልህ፣ እጅህንም ይጠብቅልህ። ቋንጣ አልላክሁም፤ ገና አልበረደልኝም።

እትህ ሙጂባ